ዘማቹ ሲመለስ ሱቁን ማን ጠበቀለት?

ሬይባን መነጽርን የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ኦርጅናሉን አድርገን ባናውቅም ኮፒውን አድርገናል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ በደረቴ የሚሸጡ ልጆች ከቻርጀርና ከኤርፎን ጎን ደርድረው ይዘውት ይዞራሉ፤ ዋጋው እንደ ተከራካሪው ነው። ይህን መነጽር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለአውሮፕላን አብራሪዎች ብሎ ሠርቶ ገበያ ያወጣው ባውሽ ኤንድ ሎምብ የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። ሬይባን የሚለውን ስም በ1999 ሉክሶቲካ ለተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሸጦታል። ባውሽ ኤንድ ሎምብ ግን ዛሬም አለ፤ የዓይን ሌንስና የዓይን መድኃኒት ያመርታል።

ሎምብ የሰው ስም ነው። ሙሉ ስሙ ሔንሪ ሎምብ ይባላል። ጀርመን ተወለደ፣ አሜሪካ ተሰደደ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመተ፣ ተመልሶ ደግሞ በተሰደደበት አገር የፋብሪካ ባለቤት ሆነ።

የዚህን ሰው ታሪክ ያነሳሁት ለሞቲቬሽን አይደለም። «ከባዶ ተነስቶ ሚሊየነር የሆነው ሰው» የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሞልቷል፤ እኔም ስንቱን አይቼ ስንቱን ስክሮል አድርጌ አልፌያለሁ። የሎምብን ታሪክ የፈለግኩት ጎጃም ውስጥ አሁን ከምንም በላይ ሊያሳስበን ለሚገባ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጠመንጃ የያዘ ወጣት ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ ወዴት ይመለሳል የሚል ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ማን ለምን ተዋጋ፣ ማን ትክክል ነው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ያ ክርክር ብዙ ጸሐፊ አለው። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ የማየውም በዚያ በኩል ነው። ጦርነት የሆነ ቀን ያልቃል። ያን ቀን የሚመለሰው ሰው ምን ይጠብቀዋል?

ስልሳ ዶላርና የእጅ መጨባበጥ

ሎምብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። አናጢነት ተማረ፤ ቁምሳጥንና የቤት ዕቃ መሥራት ማለት ነው። በ1849 መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገባና ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለችው ሮቸስተር ከተማ አናጢ ሆኖ መሥራት ጀመረ።

እዚያው ከተማ ጆን ጃኮብ ባውሽ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር። ባውሽ የመነጽር ባለሙያ ነው። በ1853 ትንሽ የመነጽር ሱቅ ከፈተ፤ ገንዘብ ግን አጠረው። ወዳጁ ሎምብ ስልሳ ዶላር አበደረው። የውሉ ነገር ቀላል ነበር፤ ሱቁ ካደገ ሎምብ ሸሪክ ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። የባንክ ማስያዣ የለ፣ የቢዝነስ ፕላን የለ፣ ፒች ዴክ የለ። እኛ አገር ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ፣ አልረሳህም» የሚባልበት ዓይነት ነገር ነው።

ሱቁ ለዓመታት ይንገታገት ነበር። ሮቸስተር ውስጥ መነጽር ለመግዛት የሚሰለፍ ሕዝብ አልነበረም። በዚህ መሃል 1861 መጣና የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ሎምብ በ13ኛው የኒውዮርክ በጎ ፈቃደኛ እግረኛ ሬጅመንት ተመዘገበ። የአገልግሎት ዘመኑ ሁለት ዓመት ነበር። ሬጅመንቱ የጦርነቱ የመጀመሪያ ትልቅ ውጊያ በሆነው በቡል ረን ተሰልፏል። ሎምብ በሠራዊቱ ውስጥ እስከ ሻምበልነት ማዕረግ ደረሰ። በ1863 ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ሬጅመንቱ ተበተነ፤ እሱም ወደ ሮቸስተር ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሲመለስ ሱቁ አለ!

ሎምብ ግንባር በነበረ ጊዜ ባውሽ ሱቁን አልዘጋም፤ ሥራውንም አሻሽሎ ጠበቀው። በዚያን ዘመን የመነጽር ክፈፍ የሚሠራው ከወርቅ ወይም ከአውሮፓ ከሚመጣ ቀንድ ነበር። በጦርነቱ ሳቢያ የሁለቱም ዋጋ ሰማይ ነካ። ባውሽ ደግሞ ቮልካናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ ክፈፍ መሥራት እንደሚቻል ደርሶበት ነበር። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ እዚያው አገር ይገኛል። ገበያው ወደ እነሱ ዞረ። ሻምበል ሎምብ የተመለሰው ወደ ባዶ ቤት አልነበረም፤ እጁን ወደሚፈልግ፣ እያደገ ወዳለ ሥራ ነው የተመለሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው የፋብሪካ ታሪክ ነው። ባውሽ ማምረቻውን ያዘ፤ ሎምብ ኒውዮርክ ሄዶ የሽያጩን ቢሮ ለዓመታት መራ። ከመነጽር ወደ ማይክሮስኮፕ፣ ከማይክሮስኮፕ ወደ ካሜራ ሌንስ አደጉ። በ1885 ሎምብ ለከተማው ሠራተኛ ወጣቶች የሙያ ትምህርት የሚሰጥ ሜካኒክስ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አደረገ። ትምህርቱ የተጀመረው በሥዕልና በቴክኒክ ንድፍ ነው። ያ ተቋም አድጎ ዛሬ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሎምብ በ1908 አረፈ።

ጀግንነቱ አይደለም

ይህን ታሪክ ሰው ሲያነበው መጀመሪያ የሚመጣለት «ጠንካራ ሰው ነበር፣ ተስፋ አልቆረጠም» የሚለው ነው። ጠንካራ መሆኑን አልክድም። ግን በዚያ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ከተረፉት ውስጥ እጅና እግራቸውን ያጡ፣ የሚሄዱበት የጠፋባቸው፣ መጠጥ ውስጥ የሰጠሙ ጠንካራ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ጥንካሬ ብቻውን ፋብሪካ ቢሠራ ኖሮ ጎጃም ዛሬ የፋብሪካ አገር በሆነ ነበር። ጠንካራ ሰው መቼም አጥተን አናውቅም።

ሎምብን የለዩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ልቁጠራቸው።

አንደኛ፣ ከመዝመቱ በፊት የእጅ ሙያ ነበረው። ወታደርነት ሕይወቱን አቋረጠው እንጂ የሕይወቱ መጀመሪያ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ዘመቻው የጊዜ ገደብ ነበረው። ሁለት ዓመት ተብሎ ተፈረመ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ተበተነ። የሚመለስበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው የሚመለስበትን ነገር ያስባል። መመለሻውን የማያውቅ ሰው ግን ዛሬን ብቻ ነው የሚኖረው።

ሦስተኛ፣ የዘመተበት ሠራዊት ደመወዝ ይከፍላል። ትንሽ ነው፣ ይዘገያልም፤ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ይቆጠባል፣ ቤት ይላካል። ዘማቹ የሚኖረው ባለፈበት መንደር ካለው ገበሬ ጎተራ አይደለም።

አራተኛውና ዋናው፣ ሱቁን የጠበቀለት ሰው ነበረው። ባውሽ «የሄደ ሰው አይመለስም» ብሎ ድርሻውን አልበላበትም። «ዘመን ከፋ» ብሎም በሩን አልዘጋም። ለእኔ የዚህ ፋብሪካ ትክክለኛ የልደት ቀን ስልሳ ዶላሩ የተሰጠበት ቀን አይደለም። ሻምበሉ በር ላይ ሲደርስ በሩ ክፍት የነበረበት ቀን ነው።

የእኛ ዘማች ወደ ምን ተመለሰ?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሎምብ ማይክሮስኮፕ በሚያመርትበት ዘመን የጎጃም ወጣትም ይዘምት ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተሰልፈዋል። ከዚያ በፊት በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተማርከዋል፤ በኋላም ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ተዋግተዋል። በመሃል ደግሞ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሕዝቡ ተራበ። የዚያ ትውልድ ጎጃሜ ዕድሜውን ያሳለፈው በዘመቻና በረሃብ መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ከአድዋ ድል በኋላ ያ ዘማች ወደ መንቆረር፣ ማለትም ወደ ዛሬው ደብረ ማርቆስና ወደየገጠሩ ሲመለስ ምን ጠበቀው? እንደ ዕድሉና እንደ አለቃው ነው። ለአንዱ ሹመት፣ ለሌላው ጉልት ወይም ማደሪያ መሬት፣ ለብዙው ደግሞ የአባቱ እርሻና በሬ ካለቀበት የተረፈው። ክብር አለ፣ ፉከራ አለ፣ ቀረርቶ አለ። ደመወዝ ግን የለም። ወታደሩ በዘመቻም በሰላምም የሚኖረው ገበሬው ከሚያመርተው ነበር። ስለዚህ ወታደር ሲበዛ የሚያመርተው ይቀንሳል፣ የሚበላው ይጨምራል።

ሌላም ነበር። ያ ማኅበረሰብ ለተዋጊው የሰጠውን ክብር ለሠራተኛው ነፍጎታል። ብረት ቀጥቅጦ ጦርና ማረሻ የሚሠራውን «ቡዳ» አለው። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሰደበው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። አስቡት፣ አንድ ንጉሠ ነገሥት «አንጥረኛን አትስደቡ» ብሎ እስኪያውጅ ድረስ የደረሰ ነገር ነው! በእንዲህ ዓይነት አገር ከጦርነት የተመለሰ ጀግና የብረት ሥራ ከፍቶ ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ክብሩን ያጣል።

የሚገርመው ደግሞ የአድዋ ጦርነት ከሙያው እንጀራ የበላ ዘማች አበርክቶልናል፤ ከተሸነፈው ወገን ሆነ እንጂ። ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ አድዋ ላይ ተማረከና እዚሁ ቀረ። የግንባታ ሙያ ስለነበረው በሰው አገር ሥራ አላጣም። አዲስ አበባ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከሠሩት ሰዎች ስሙ ይነሳል። ያሸነፈው ሹመት ጠበቀ፤ የተማረከው ኮንትራት አገኘ። ይህን የምለው ድሉን ለማሳነስ አይደለም። ድሉ ባይኖር ካስታኛ እዚህ የሚገባው በኮንትራት አይሆንም ነበር። ግን ሁለቱ ሰዎች ወደ ሰላም ሲመለሱ በእጃቸው የነበረው ነገር እኩል አልነበረም።

የሹመት ችግሩ ቁጥሩ ማነሱ ነው። አንድ አውራጃ አንድ ገዥ ነው ያለው። አንዱ ሲሾም ሌላው ያኮርፋል። ለዚህ ከበላይ ዘለቀ የበለጠ ምስክር የለም። አምስት ዓመት ጣሊያንን ጎጃም ላይ ተዋጋ፤ ከድሉ በኋላ ደጃዝማች ተባለ፤ ግን ከሹመቱ ጋር ቅሬታው አብሮ መጣ፤ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ታሪኩ ብዙ ወገን አለው፤ ሁሉንም እዚህ አልገባበትም። አንዱ ገጹ ግን የኢኮኖሚክስ ነው። አገሪቱ ለጀግኖቿ የምትሰጠው አንድ ዓይነት ዋጋ ብቻ ነበራት፤ እሱም ለሁሉም አይዳረስም። ሱቅ፣ ወፍጮ፣ እንጨት ቤት፣ ብረታ ብረት ግን እንደ ሹመት አይደለም። አንዱ ስለከፈተ ሌላው አይሻርም። እንዲያውም አንዱ ለሌላው ደንበኛ ይሆናል።

በየዘመኑ የተበተነው ሠራዊት

ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር በአንድ ጊዜ ተበተነ። እሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ገጠር የተመለሰው መሬት፣ ዘርና በሬ ሲያገኝ ከጎረቤቱ ጋር እኩል መቆም ቻለ። ከተማ የቀረው ግን ተቸገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገጠር ላይ የሚጠብቀው ሥራ ነበር፤ እርሻው ቦታው ላይ ነው፣ ዘመድ አለ፣ ደቦ አለ። ከተማ ላይ ግን የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም 150 ሺህ ገደማ ወታደር በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ተሰናብቷል።

አሁን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። በዚያው ዓመት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ጎልተው የቀረቡት አማራጮች መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስና የክልል ፖሊስ ነበሩ። ወደ ሲቪል ሕይወት መመለስ የሚለውም ነበረበት። ግን የዚያ በር ወዴት እንደሚያስገባ ለአንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በደንብ የተነገረው አይመስለኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ለወራት ይጠፋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል።

ሱቅ ይዘጋል የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት።

ስለ ጦርነት ጉዳት ስናወራ የሞተውንና የቆሰለውን እንቆጥራለን፤ ልክ ነው፣ መጀመሪያ የሚቆጠረው ሰው ነው። የተዘጋው ሱቅ ግን ዛሬ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። ነገ የሚመለሰውን ሰው መመለሻ ነው የሚያጠፋው። ደብረ ማርቆስ ላይ የተዘጋ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሦስትና አራት ልጅ ሊቀጥር የሚችል ነበር። ባለቤቱ ማሽኑን ሽጦ ሌላ ከተማ ከገባ፣ ሰላም ሲወርድ ያ ልጅ የሚመለሰው ወዴት ነው? የድጋፍ ገንዘብ ቢሰጠው የሚገዛው ምንድን ነው? ባጃጅ? ሁሉም ባጃጅ ከገዛ ማን ይሳፈርላቸዋል?

«አሜሪካና እኛ አንድ ነን እንዴ?»

ይህን የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። አይደለንም። ሎምብ የተመለሰው የባቡር ሐዲድ፣ ባንክና ሰፊ ገበያ ወዳለበት ከተማ ነው። ጦርነቱ እሱ ከተማ ደጃፍ ላይ አልተካሄደም፤ ሮቸስተር አልተቃጠለችም። የደቡቡ ወታደር ሲመለስ ያገኘው ነገር በጣም የተለየ ነበር። ደግሞ ለአንድ ሎምብ ስማቸው የማይታወቅ ስንት ሺህ የከሰሩ አሉ። በአንድ ሰው ስኬት ብቻ ፖሊሲ አይቀረጽም።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የእኔን ነጥብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ልዩነቱን ያመጣው የሰውዬው ጀግንነት ሳይሆን ከኋላው የቀረው ነገር መትረፉ ነው። ከተማው ተርፏል፣ ሱቁ ተርፏል፣ ሸሪኩ ተርፏል። አሜሪካ ለዘማቾቿ ጡረታም ከፍላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለዚህ ይውል ነበር። ያ ገንዘብ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ጡረታ ግን ሰውየውን ያኖረዋል እንጂ ሥራ አይሆነውም። ሎምብን ፋብሪካ ያደረሰው ጡረታው አይደለም።

ሌላው ጥያቄ «ሰላም ሳይመጣ ስለ ሱቅ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የማየው። መመለሻ የሌለው ሰው ሰላም ሲባል ምኑ ያጓጓዋል? ጫካም ያለ፣ ካምፕም ያለ ወጣት «ብመለስ እንዲህ እሠራለሁ» የሚለው አንድ ተጨባጭ ነገር ካለው ድርድሩን የሚሰማበት ጆሮ ይለያል። ሱቁ ሰላሙን ተከትሎ የሚመጣ ብቻ አይደለም፤ ሰላሙን ከሚስቡት ገመዶች አንዱ ነው።

እና ምን ይደረግ?

ለመንግሥትና ለኮሚሽኑ የምለው አጭር ነው። በጀቱ ሁሉ ለሚመለሰው ሰው በነፍስ ወከፍ የሚታደል ብቻ አይሁን። የተወሰነው አሁን ላልተዘጋው ሱቅ ይሁን። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ላጣ፣ ብድሩን መክፈል ላቃተው ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ስፌት የብድር ጊዜ ማራዘም ፋብሪካ ከመትከል በጣም ይረክሳል። ቡሬ ላይ የተገነባውን ዓይነት ትልቅ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አልጠላም። ግን ሎምብ የተመለሰው ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ወዳለበት ትንሽ ሱቅ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሙያ። ከካምፕ የሚወጣ ልጅ የአንድ ሳምንት ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይዞ ሳይሆን፣ ስድስት ወርም ሆነ ዓመት ከአንድ ባለሙያ ሥር ሠርቶ እጁን ፈትቶ ይውጣ። ለባለሙያውም ላስተማረበት ይከፈለው።

ለነጋዴው የምለው አለኝ። በመነጽር ክፈፍ ያየነው ነገር እዚህም አለ። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ይወደዳል። እዚያው ከሚገኝ ነገር መሥራት የሚቻለውን የሚያስብ ሰው ቮልካናይቱን አገኘ ማለት ነው። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው፣ ቆዳ አለ፣ ማር አለ፣ እንጨት አለ። ክፉ ጊዜ ነው፤ ይህን በቀላሉ አልናገርም። ግን ባውሽም ያደረገው በክፉ ጊዜ ነው።

ለእኛ ለወጣቶቹ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ነገር አለ። ሁላችንም የሄደ ሰው አለን። አንዱ ሠራዊት ገብቷል፣ አንዱ ጫካ ገብቷል፣ አንዱ ተፈናቅሎ አዲስ አበባ የሰው ቤት ተጠግቷል፣ አንዷ ቤሩት ወይም ሪያድ ናት። ሲሄዱ የተዉት ነገር አለ። ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የፀጉር መቁረጫ ማሽን፣ የስፌት መኪና፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ ያልደረሰ የዕቁብ ዕጣ፣ አብራችሁ ልትከፍቱት ያሰባችሁት የሞባይል ጥገና። ከፖሊሲ ሁሉ የሚቀድመው እሱን መጠበቅ ነው። ማሽኑን አትሽጡበት። ዕቁቡ ቢደርሰው ለእናቱ ስጡ ወይም አስቀምጡለት። ኪራዩን ለሦስት ተካፍላችሁ መክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ። ሥራው የጋራ ከሆነ የእሱን ድርሻ በደብተር ጻፉ፤ ስልክ ላይ አይደለም፣ ስልክ ይሰረቃል።

ሽማግሌዎቻችን የታመመ ሰው እርሻ ጦም እንዳያድር በደቦ ያርሱለታል። ማንም «ለምን ታመመ?» ብሎ ቅድሚያ አይመረምርም። እርሻው ጦም ካደረ ሰውየው ብቻ ሳይሆን መንደሩ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ሱቅም እንደ እርሻ ነው።

አንድ ቀን በር ላይ የሚቆመው ሰው ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ምናልባትም ተጎድቶ ይመጣል። «እንኳን ደህና መጣህ» ማለት ቀላል ነው፤ ሁላችንም እንለዋለን። «ግባ፣ ቦታህ እዚህ ነው፣ ይኸው ደብተሩ» ለማለት ግን ከዛሬ መጀመር አለበት።